ጥያቄ፦ ኒኮን ዲ5300 መብረቅ ሳነሳ ‹ጆብ ኤንአር› እያለ ይደርቃል፣ ቶሎ መልሱልኝ

ናቲ ቱሉ ዲምቱ (ምሽት 1፡34)
ሰላም ቤተሰብ፣ የሚያውቅ ቶሎ ይርዳኝ። ኒኮን ዲ5300፣ ሌንሱ 18-55። የረር ተራራ ላይ መብረቁ እየተንቦገቦገ ነው፣ እኔ ግን አንድም አልያዝኩም። አንዳንዴ ስጫነው ጭራሽ አያነሳም። ካነሳም ግማሽ ደቂቃ ይደርቅና ‹ጆብ ኤንአር› የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። የሚወጣው ፎቶ ደግሞ ነጭ ወረቀት ነው። ባትሪ ቀይሬ ሞክሬያለሁ። ተበላሽቶ ነው? ዝናቡ ሳይደርስ በናታችሁ።

ፉገራ ብቻ
ነጭ ከሆነማ መብረቁን ከውስጥ ሆነህ ነው ያነሳኸው ሃሃሃ

ዳጊ ሌንስ
አልተበላሸም። ሦስት ነገር ተደራርቦብህ ነው።

‹ጆብ ኤንአር› ማለት ሎንግ ኤክስፖዠር ኖይዝ ሪዳክሽን በርቷል ማለት ነው። 30 ሰከንድ ካነሳ በኋላ ሹተሩን ዘግቶ ሌላ 30 ሰከንድ ጨለማ ያነሳል፣ ያንን ከመጀመሪያው ላይ ቀንሶ ጉድፉን ያጸዳል። እስኪጨርስ ብትጫነው አይሰማህም። ሹቲንግ ሜኑ ውስጥ ሎንግ ኤክስፖዠር ኤንአር የሚለውን ኦፍ አድርገው።

አላነሳም የሚልህ ኦቶ ፎከሱ ጨለማ ውስጥ የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። ሌንሱ ጎን ያለችውን ማብሪያ ከኤ ወደ ኤም ግፋት። ላይቭ ቪው (በስክሪኑ ማየቱን) አብራ፣ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ፈልግ፣ የመደመር ምልክት ባለባት ቁልፍ እስከ መጨረሻው አጉላው፣ ከዚያ መብራቱ ትንሿን ነጥብ እስኪያክል የፎከስ ቀለበቱን ቀስ እያልክ አዙር። ከዚያ ወዲያ ዙሙን አትንካ፣ ከነካኸው እንደገና ትጀምራለህ። ቀለበቱ ላይ ፕላስተር ብትለጥፍበት አይከፋም። ቪአር የሚለውንም (የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻውን) አጥፋው፣ ትራይፖድ ላይ አያስፈልግም።

ነጭ የሆነበትን ለመናገር አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) እና ሰከንድ ስንት ላይ እንዳለ ንገረኝ። የት ቆመህ እንደምታነሳም።

ናቲ ቱሉ ዲምቱ
አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 3.5፣ 30 ሰከንድ። ጅምር ቤት አለ፣ ጂ ፕላስ 3፣ ላይኛው ሶሌታ ላይ ነኝ። የረር ወለል ብሎ ይታያል።

የሽቦው ሰው
ሶሌታው ላይ የኮለን ፌሮ ቆሟል?

ናቲ ቱሉ ዲምቱ
አዎ፣ ዙሪያውን አለ። ቦርሳዬን እሱ ላይ ነው የሰቀልኩት። ምነው?

የሽቦው ሰው
ውረድ። ሴቲንጉን ታች ሆነህ ትጠይቃለህ። አካባቢው ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ያ ሕንፃ ነው፣ ሕንፃው ላይ ከፍ ብለህ የቆምከው ደግሞ አንተና ፌሮው ናችሁ። ፌሮውን ቢመታው አጠገቡ ያለውን ሰው ዘሎ ያገኘዋል፣ በእርጥብ ሶሌታ በኩልም እግርህ ድረስ ይመጣል። ያለቀ ቤት ቢሆን ገመድና የውኃ ቧንቧ ኖሮት አብዛኛውን ወደ መሬት ይወስድልህ ነበር፣ ጅምር ቤት ያ የለውም።

ናቲ ቱሉ ዲምቱ
ኧረ ሰዎች፣ መብረቁ እኮ የረር ላይ ነው፣ ሩቅ ነው። የትራይፖዴ እግርም ላስቲክ አለው። ሴቲንግ ነው የጠየቅኩት፣ ምክር አይደለም።

የሽቦው ሰው
ብልጭ ሲል ጀምረህ እስኪያጉረመርም ቁጠር። ስንት ሆነ?

ፉገራ ብቻ
ሁለት ሳንቲም ላስቲክ! መብረቁ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር አየር ሰንጥቆ መጥቶ ‹ይቅርታ፣ ላስቲክ አለ ለካ› ብሎ ይመለሳል።

ናቲ ቱሉ ዲምቱ
11 ሰከንድ

የሽቦው ሰው
ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 11 ሲካፈል ለ3፣ አራት ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። የረር ከአንተ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የምታየው የረር ላይ ያለውን ደመና አይደለም፣ ከየረር ወዲህ ያለውን ነው። ቆጠራህ ከ30 በታች ከሆነ ወደ ውስጥ መግባት ነው። የመጨረሻውን ጉርምርምታ ከሰማህ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጣ።

የሰንዳፋ ልጅ
ወንድሜ ኖይዝ ሪዳክሽኑን አጥፋው፣ እሱ ነው ችግሩ። ሹቲንግ ሜኑ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ዳጊ ሌንስ
ተብሏል እኮ አለቃ።

መምህር ፊዚክስ
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብረት መብረቅን ከሩቅ አይጠራም። መብረቁ ከደመናው በደረጃ በደረጃ እየወረደ ይመጣና መሬት ሊደርስ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲቀሩት ነው የት እንደሚያርፍ የሚለየው። በዚያች ቅጽበት ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሹልና ለብቻው የቆመ ነገር ሁሉ ወደ ላይ ብልጭታ ይልካል፣ ቀድሞ የተገናኘው ይመታል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከፍታና ብቸኝነት ነው፤ እንጨትም ዛፍም ሰውም ያው ነው። የካርቦን ትራይፖድ ከአሉሚኒየሙ ይሻላል የሚባለውም ከንቱ ነው፣ ካርቦንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሁለተኛ፣ መብረቅ ከደመናው ሥር ብቻ አይወርድም። ወደ ጎን ወጥቶ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ዝናብ በሌለበት ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ፣ ከዛፍ ሥር የተጠለለ ከብት በአንዴ ብዙ ሆኖ የሚያልቀው ሁሉም ስለተመታ አይደለም። መብረቁ ዛፉን መትቶ መሬት ውስጥ ሲሰራጭ በፊተኛው እግርና በኋለኛው እግር መካከል የቮልት ልዩነት ይፈጠራል፣ ከብት ደግሞ እግሩ የተራራቀ ነው፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በልቡ በኩል አልፎ በሌላው ይወጣል። ሰውም እግሩን ከፍቶ ከቆመ እንደዚያው ነው። ሙቀቱን በተመለከተ ደግሞ ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ...

ፉገራ ብቻ
መምህር፣ ልጁ ሶሌታ ላይ ነው ያለው፣ ክላስ ውስጥ አይደለም።

መምህር ፊዚክስ
እሺ። ልጄ፣ ፀጉርህ ከቆመ ወይም ፌሮው እንደ ንብ መጮህ ከጀመረ ትራይፖድ አጥፋለሁ ሳትል ሩጥ። ያ ማለት ብልጭታው ከአንተው ሊነሳ ነው።

ሚሚ አያት
ቀይ ልብስ ለብሶ ከሆነም ያውልቅ፣ ቀይ ይስባል። ስልኩንም ያጥፋ።

የሽቦው ሰው
ሚሚ፣ ቀለም አይስብም። ስልክም አይስብም፣ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ካልሆነ በስተቀር ማውራት ይቻላል። ይልቅ ባያጠፋው ነው የሚሻለው፣ እኛ ካላናገርነው ማን ያስወርደዋል?

ዳጊ ሌንስ
ናቲ፣ ነጭ የሆነበትን ልንገርህ። ወርደህ አንብበው።

መብረቅ ስታነሳ ሁለት ብርሃን ነው ያለህ። የመብረቁ ብርሃን ከሰከንድ ክፋይ አይዘልም፣ ስለዚህ ሹተሩ 5 ሰከንድ ቢከፈትም 30 ቢከፈትም ለመብረቁ ለውጥ የለውም፤ ድምቀቱን የሚወስኑት አፐርቸሩና አይኤስኦው ናቸው። ሰከንዱ የሚጨምረው ሌላውን ነው፦ የኮንዶሚኒየሙን መብራት፣ የመንገዱን፣ ደመናው ላይ የሚያርፈውን የከተማውን ብርሃን። አንተ ሁሉንም በአንዴ ከፍተኸዋል።

አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 8፣ 15 ሰከንድ አድርገው። ካለህበት ከ80 እጥፍ በላይ ብርሃን ይቀንሳል። ሰማዩ አሁንም ከነጣ 8 ሰከንድ። ሰማዩ ጥሩ ሆኖ የመብረቁ መስመር ብቻ ወፍሮ ነጭ ዱላ ከመሰለ ሰከንዱን ተወውና አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 ውሰድ። መስመሩ ከቀጠነና ከደበዘዘ ኤፍ 5.6። ፎርማቱን ሮው (ጥሬ ፋይል) አድርገው፣ ሌላው ቤት ይስተካከላል።

ደግሞ ቁልፉን በእጅህ አትጫን። ብልጭ ሲል አይተህ ብትጫን አልፏል። ዲ5300 ውስጥ ኢንተርቫል ታይመር ሹቲንግ አለ፣ እዚያው ሹቲንግ ሜኑ ውስጥ። ኢንተርቫሉን 18 ሰከንድ፣ ብዛቱን 200 በለው። አንድ ሰዓት ሙሉ ለብቻው ያነሳል። ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኢንተርቫሉ የሚቆጠረው ሹተሩ ከተከፈተበት እንጂ ከተዘጋበት አይደለም፣ ስለዚህ ከሹተሩ ሰከንድ መብለጥ አለበት። ካሜራው 15 የሚለው ደግሞ በትክክል ሲለካ 16 ነው። ኢንተርቫሉን 15 ካደረግከው አንዱን እያነሳ አንዱን ይዘላል።

ፉገራ ብቻ
መብረቁ የሚመጣው በቀሩት ሁለት ሰከንዶች ነው፣ እኔ ልንገራችሁ።

ዳጊ ሌንስ
እውነትም ይመጣል። ሪሞት ገመድ ያለው ሰው ካሜራውን ኮንቲኒየስ ላይ አድርጎ የሪሞቱን ቁልፍ ይቆልፈዋል፣ ያኔ ክፍተቱ እዚህ ግባ አይባልም። ግን ዋናው ነገር ካሜራው አንተን አይፈልግም። ቤት ውስጥ መስኮት ጋ አቁመው። የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አስጠጋው፣ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ሸፍነው አለዚያ የራሱ ነጸብራቅ ይገባበታል። መስታወቱን ቀድመህ ጥረገው፣ አቧራው በመብረቁ ብርሃን ይበራል። አስጀምረውና ከብረት መስኮቱ ራቅ ብለህ ተቀመጥ።

የሰንዳፋ ልጅ
መኪና ውስጥ ሆኖ ቢያነሳስ? ጎማው ይከላከላል።

የሽቦው ሰው
መኪና ጥሩ ነው፣ ጎማው ግን አይደለም የሚከላከለው። የብረት ቆርቆሮው ነው፣ ኤሌክትሪኩ በውጭ ዞሮ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ቪትዝም ሚኒባስም ይሆናል፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በሩን ሳይደገፉ። ባጃጅ ጎማ አለው፣ ግን ጣሪያው ሸራ ነው፣ አይሆንም። ሞተር ሳይክል ጭራሽ።

የሰንዳፋ ልጅ
ጎማማ ኢንሱሌተር ነው፣ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው።

የሽቦው ሰው
ሞተር ሳይክልስ ጎማ የለውም?

ናቲ ቱሉ ዲምቱ (1፡52)
ቆጠርኩት 6 ሆኗል። ወርጃለሁ፣ ዘበኛው ቤት በረንዳ ላይ ነኝ። ካሜራው ግን ከነትራይፖዱ ላይ ቀርቷል፣ ዝናቡ ጀምሯል። ሮጬ ላምጣው?

የሽቦው ሰው
አታምጣው። 6 ማለት 2 ኪሎ ሜትር ነው። በረንዳውንም ተወው፣ ግባ። የዘበኛው ቤት ቆርቆሮና ጭቃ ከሆነ ግድግዳውን አትደገፍ፣ መሃል ላይ እግርህን ገጥመህ ተቀመጥ። የተዘጋ መኪና ቅርብ ካለ እሱ ይሻላል።

ዳጊ ሌንስ
ካሜራ ይገዛል። ስታወርደው ግን እንዳታበራው። ባትሪውንና ሚሞሪውን አውጣ፣ ሌንሱን ፍታው፣ ውጩን በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ ከዚያ በሲሊካ ጄል ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን። ሩዝ ውስጥ አትቅበረው፣ ዱቄቱ ይገባበታል። ፀጉር ማድረቂያም አይሆንም፣ ውኃውን ወደ ውስጥ ይነፋዋል። ለሚቀጥለው ፌስታል ይበቃሃል፦ ታቹን ለሌንሱ ብቻ ቅደድና በላስቲክ እሰረው።

ሚሚ አያት
ልጁን መብረቅ ቢመታውስ? ሰዉ እንዳይነካው ንገሩት፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል ይባላል።

ሲስተር
አይይዝም። የተመታ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፣ ወዲያው መንካት ይቻላል፣ ይገባልም። መብረቅ የሚገድለው ልብና ትንፋሽ በማቆም ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው የሚያድኑት። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝቶ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ መጫን፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሌላው ሰው 907 ወይም 939 ይደውል። ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ ዝም ያለውን አስቀድሙ፣ የሚጮኸው እየተነፈሰ ነው። ስፍራው አሁንም አደገኛ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ መጠለያ ውሰዱት።

ቴክኖ ተጠቃሚ
እኔ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ ከመስኮት ሆኜ ይሆናል?

ዳጊ ሌንስ
ይሆናል። ፕሮ ሞድ ካለው አይኤስኦ 100፣ 8 ሰከንድ፣ ፎከስ የተራራ ምልክቷ ላይ፣ በሰዓት ቆጣሪ አስነሳው። ከሌለው ቪዲዮ ቅረጽ፦ ስክሪኑን ጫን ብለህ ይዘህ ብርሃኑን ቆልፈው፣ ትንሽ አጨልመው፣ በኋላ ፍሬሙን ታወጣለህ። ግማሹ በርቶ ግማሹ ጨለማ የሆነ ፍሬም ብታገኝ ስልኩ አልተበላሸም፣ ምስሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ሳለ ነው መብረቁ የመጣው።

ሚሚ አያት
እኛ ጋም መጣ መሰለኝ፣ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ለፍሪጁ ብሬከሩን ባወርደው ይበቃል?

የሽቦው ሰው
አይበቃም። የብሬከር ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነች፣ መብረቅ ይዘላታል። መነቀል ያለበት ሶኬቱ ነው፣ ቲቪ ከሆነ የዲሽ ገመዱም ከኋላ። ዲቫይደር ላይ ያለችውን ቀይ ማብሪያ አትመኚባት። ይህ ሁሉ ግን ደመናው ሳይደርስ የሚደረግ ነው። መስኮቱ ከተንቀጠቀጠ አሁን ሶኬት አትንኪ፣ ዕቃም አትጠቢ፣ ፍሪጁ እንደተሰካ ይቆይ።

ሚሚ አያት
እሺ፣ ተውኩት። ናቲስ?

ዳጊ ሌንስ
ናቲ?