የጉዞ ራውተሬ የራሷን ዋይፋይ አጠፋችብኝ፤ ፈተናዬ ነገ ጠዋት ነው

ጠያቂ፣ ከጎንደር ማራኪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢንተርኔት የምፈተነው ፈተና ስላለ እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ። ኢንተርኔት ተቀብላ ለስልክና ለላፕቶፕ የምታከፋፍል ትንሽ የጉዞ ራውተር ገዝቼ ስሰካት የራሷ የዋይፋይ ስም በስልኬ ላይ ታየኝ፤ ወደ ማስተካከያ ገጿ ገብቼ «ክላየንት» የሚለውን ሞድ (የአሠራር ዓይነት) መርጬ ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ስሟ ከዝርዝሩ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ነቅዬ ብሰካትም ለውጥ የለም፣ አረንጓዴ መብራቷ ግን እንደበራ ነው። ተበላሽታ ከሆነ ሱቁ ሳይዘጋ ልመልሳት?

አባል፣ ከአዘዞ፦
ሪሴት አድርጊያት፣ ማለትም ስትገዥ ወደነበረችበት ቅንብር መልሺያት። ሪሴት የሚለውን ቁልፍ፣ ቀዳዳ ውስጥ ከሆነም በመርፌ፣ መብራቷ እስኪርገበገብ ድረስ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ።

አባል፣ ከፒያሳ፦
እህቴ፣ ተበላሽታለች በሚለው አልስማማም፤ ያዘዝሻትን ነው የፈጸመችው። ክላየንት ማለት ራውተሯ የሌላ ሰው ዋይፋይ ተቀብላ በኬብል ብቻ የምታስተላልፍበት ሞድ ስለሆነ የራሷን ዋይፋይ አትረጭም። ለመሆኑ ኢንተርኔቱ ወደ ክፍልሽ የሚመጣው በኬብል ነው ወይስ በዋይፋይ? እሱን ሳትነግሪን ትክክለኛውን ሞድ ልንነግርሽ አንችልም።

ጠያቂ፦
ይቅርታ፣ መናገር ነበረብኝ። ከአከራዬ ዋይፋይ ነው የምጠቀመው፤ ፓስወርዱን ሰጥተውኛል። ክፍሌ ከግቢው ጀርባ፣ ግድግዳውም ወፍራም የድንጋይ ስለሆነ የሚይዘኝ መስኮቱ ሥር ብቻ ነው።

አባል፣ ከአራዳ፦
ልጄ፣ የሞዶቹ ስም ብዙ ቢመስልም ጥያቄው ሁለት ነው፦ ኢንተርኔቱ በምን ይገባል፣ ለስልክሽና ለላፕቶፕሽ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለዩበትን ቁጥር) የሚሰጠውስ ማን ነው? «ራውተር» እና «አክሰስ ፖይንት» ሁለቱም በኬብል ይቀበላሉ፤ የመጀመሪያው አድራሻውን ራሱ ሲያድል ሁለተኛው ግን ለዋናው ራውተር ይተወዋል፤ ስለዚህ ለአንቺ አይሆኑም። «ሪፒተር» በዋይፋይ ተቀብሎ ያንኑ የአከራይሽን ኔትወርክ ያራዝማል። «ሆትስፖት» ወይም «ዊስፕ» የሚባለው ደግሞ በዋይፋይ ተቀብሎ ከኋላው የራሱን ኔትወርክ ይዘረጋል፤ የአከራይሽ ራውተር የሚያየውም አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች ስልክና ላፕቶፕ ይዘው በየሆቴሉ ሲያርፉ የሚጠቅማቸው ይኸኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንዱ ዕቃ የሆቴሉን መግቢያ ገጽ ከሞሉ ለሌሎቹም ይበቃል። አንቺም ይህን ምረጪ።

አባል፣ ከሳሙና በር፦
ላፕቶፕሽ የኬብል ቀዳዳ ካለው ምንም አትቀይሪ። ፓስወርዱን በትክክል አስገብተሽ ከሆነ አሁን ባለችበት በክላየንት ሞድ አጭር ኬብል ከራውተሯ ወደ ላፕቶፑ ሰክተሽ ሞክሪው። ለፈተና እኔ የምመርጠው ኬብል ነው።

ሌላ አባል፦
ሪሴት ካደረግሽ ስሟ ይመለሳል።

አባል፣ ከፒያሳ፦
ሪሴት ስሟን ይመልሳል እንጂ ያው ክላየንት እንደገና ከተመረጠ ያው ይደገማል። ሌላው፣ የትኛውንም ብትመርጪ አልጋሽ አጠገብ አታስቀምጫት፤ ደካማውን ዋይፋይ ከዚያ ብትቀበል የምታሳልፈውም ደካማ ነው። መስኮቱ ላይ አድርጊያት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላፕቶፔ የኬብል ቀዳዳ ስለሌለው ሪሴት አድርጌ ሆትስፖት መረጥኩ፤ ስሟ ተመልሷል፣ ስልኬም ይገናኛል፣ ነገር ግን አንድም ገጽ አይከፍትም።

አባል፣ ከአራዳ፦
በስልክሽ ቀጥታ ወደ አከራይሽ ዋይፋይ ግቢና የራውተሩን አድራሻ፣ «ጌትዌይ» የሚለውን፣ ተመልከቺ። እሱም የአንቺም ራውተር 192.168.0.1 ከሆኑ ሁለት ቤት አንድ ቁጥር እንደ ተሰጠው ነው፤ ትንሿ ራውተር መልእክቱን ወዴት እንደምትልክ አታውቅም። የእሷን በማስተካከያ ገጿ ወደ 192.168.50.1 ቀይረሽ አስነሺያትና በአዲሱ አድራሻ ግቢ።

አባል፣ ከአዘዞ፦
ለጠዋቱ የስልክ ዳታ ጥቅልም ገዝተሽ እደሪ። ራውተሯ በ5 ቮልት የምትሠራ ከሆነች መብራት ቢጠፋ በፓወር ባንክ ትቀጥላለች፤ የአከራይሽ ዋይፋይ ግን ከመብራቱ ጋር ይጠፋል።