እናትሽን ይዘሽ ኒው ኦርሊንስ ሂጂ

ከሂውስተን እናትሽን ይዘሽ ኒው ኦርሊንስ መሄድ አስበሽ "ለእሷ ይሆናል ወይ? ምንስ ትበላለች?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦ በደንብ ይሆናል። ብዙ ሰው መጠጥ ቤት የሞላበትን ቦርቦን ስትሪትን ብቻ አይቶ ስለሚመለስ ከተማው የመጠጥ ብቻ ይመስለዋል። እናንተ እዚያ አትቆዩ።

ዋናው ጉዳይ ምግቡ ነው። ጋምቦ የሚባለው ወጣቸው በጣም ይጣፍጣል። ዱቄት በዘይት እየተማሰለ እስኪጠቁር ይቁላላል፤ ልክ እንደኛ ቁሌት ትዕግሥት ይጠይቃል። ባሚያው ከአፍሪካ፣ ሳሳፍራስ የሚባለው ዛፍ ቅጠል ዱቄቱ ቾክታው ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ቁሌቱ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ግን "የዶሮ ጋምቦ" ቢሉሽም ብዙ ጊዜ አንዱዊ የሚባል የአሳማ ቋሊማ አለበት። ሰኞ ሰኞ የሚበላው ቀይ ቦሎቄ በሩዝም አትክልት ብቻ መስሎሽ እንዳትዘናጊ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው።

እናትሽ አሳማና ሽሪምፕ የማይነኩ ከሆነ (የእኔም እናት እንደዚያው ናቸው) የበሬ ጥብስ ያለበትን ፖቦይ ሳንድዊች እዘዢላቸው። በ1929 የትራም ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሳለ ሁለት ወንድማማቾች በነፃ ያበሏቸው ሳንድዊች ነው ይባላል። ዓሣ ካሉ ደግሞ ሬድፊሽ ይሁን፤ ክንፍና ቅርፊት አለው። ካትፊሽ ቅርፊት የለውም። ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ሳይሆን በፍም ወይም በመጥበሻ የተሠራ ጠይቂ፤ ብዙ ቤት ሽሪምፑንም ዓሣውንም በአንድ ዘይት ነው የሚጠብሰው። ሳትሳቀቂ ጠይቂ፣ አስተናጋጆቹ በደስታ ይነግሩሻል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን ኩሽና ያለው ቤት ተከራዩ፣ ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ።

ቡናቸው ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ስላለበት መረር ይላል። ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የሴንት ቻርልስ ትራም ከ1835 ጀምሮ የሚሠራ መስመር ነው፤ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ሥር ያልፋል። መወጣጫው ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ የካናል መስመር ቀዩ ትራም ይሻላል፣ ማንሻ አለው። የሚሲሲፒን ወንዝ ለማየት ማዶ ወዳለው አልጂርስ ሠፈር የምትሻገረው ጀልባ ትበቃለች።

ኮንጎ ስኩዌርን ግን እለምንሻለሁ፣ እንዳታልፊው። ትሬሜ ሠፈር፣ ሉዊ አርምስትሮንግ ፓርክ ውስጥ ነው። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እሁድ እሁድ እዚያ ይገበያዩ፣ ከበሮ ይመቱ፣ ይጨፍሩ ነበር። የጃዝ ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ልጆች ካሉሽ መኪና ይዘሽ ዊትኒ ፕላንቴሽንም ውሰጃቸው። በ2014 የተከፈተ ሙዚየም ነው፤ ታሪኩን የሚተርከው ከባለ እርሻው ሳይሆን በባርነት ከኖሩት ሰዎች ወገን ነው። ልጆቻችን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሆነው እያደጉ ይህን ሳያውቁ መቅረት የለባቸውም።

ካጁኖቹን የምታገኚው መንገድ ላይ፣ ላፋየት ነው። እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከኖቫ ስኮሺያ ያባረሯቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው። ክሪዮል የሚባሉትን የሉዊዚያና ጥቁሮች ዛይዴኮ ሙዚቃም እዚያው ስሙ፤ አኮርዲዮኑ ያስነሣል። በአይ 10 ስትነጂ መሃል ላይ ስለሆነ ማደሪያ አድርጉት፣ እናትሽም አይደክማቸውም።

ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ አይቻልም፣ አውሎ ነፋሱም አለ። ማርች ወይም ኤፕሪል ጥሩ ነው። ማርዲ ግራ የሚሉት በዓል የካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ነው፤ ሆቴሉ ይወደዳል፣ መንገዱ ይዘጋል። ያን ሳምንት ተዪው።