ከእናቴ ጋር ለስድስት ቀን ማልታ፦ ሻንጣችን ውስጥ ምን እንያዝ?

የማርቆሷ መምህርት

እንዴት ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ታናሽ ወንድሜ ማልታ ደሴት ላይ ሥራ ከያዘ አራት ዓመት አለፈው። እናቴም ካየችው እንደዚያው። ዘንድሮ ግብዣ ላከልን፤ ወረቀቱን ስናሯሩጥ ከርመን ቪዛው ወጣ። ነሐሴ 12 ሄደን 17 እንመለሳለን። እሱም ከሥራው ያገኘው ፈቃድ ይችኑ ስድስት ቀን ነው።

የቸገረኝ ሻንጣው ነው። ለእያንዳንዳችን 23 ኪሎ ተፈቅዶልናል። የኔ ግማሹም አይሞላ። እናቴ ግን ከሰኔ ጀምራ ስታዘጋጅ ነው የከረመችው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማር። ቋንጣም ይጨመር ትላለች። ከሁሉ በላይ ግን ሦስት ኪሎ ቅቤ አለ። ከገጠር እህቷ ልካላት፣ በኮሰረት አድርጋ ራሷ ያነጠረችው ነው። «ልጄ ፊት ባዶ እጄን አልቆምም» ብላለች። እሷን ለሰዓታት ቢያቆሟት ትችለዋለች። ያን ቅቤ ዓይኗ እያየ ቢጥሉባት ግን ጉዞው በሙሉ ነው የሚበላሽባት። ያስገባሉ ወይስ አያስገቡም? እርግጡን የምታውቁ ንገሩኝ።

ሌላው ልብስ ነው። አሁን ይህን የምጽፈው ጋቢ ለብሼ ነው፤ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑ። ወንድሜ ደግሞ «ሙቀቱ አያድርስ» ይላል። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ፍልሰታም ነው፤ ጾሟን አትፈታም። ባሕር አይታ አታውቅም። ጣናን እንኳ ያየችው አንድ ጊዜ ነው፣ ዘጌ ልትሳለም ስትሄድ። «እግሬን ጨው ውኃ ውስጥ ልንከር» አለችን። ከዚህ ሌላ የጠየቀችን ነገር የለም።

የቢቸና ልጅ፣ ከማልታ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ እዚሁ ስኖር ቆይቻለሁ፤ ከቅቤው ልጀምርልሽ።

አይገባም። ማልታ የአውሮፓ ኅብረት አገር ናት። ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይችልም። ቅቤም፣ አይብም፣ ቋንጣም ክልክል ነው። መነጠሩ ለውጥ የለውም። ከተገኘ ይወሰዳል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። እናትሽን አሁኑኑ፣ ቤታቸው ሳሉ ንገሪያቸው። እዚያው ጓዳቸው አዝነው ቢጨርሱ ይሻላል፤ እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለቀሱ እናት አይቻለሁ።

ማሩ ግን ይገባል። ለራስ የሚሆን እስከ ሁለት ኪሎ ለአንድ ሰው ይፈቀዳል። ሁለት ስለሆናችሁ አራት ኪሎ የጎጃም ማር ማለት ነው፤ ለወንድምሽ ከበቂ በላይ ነው። በእጅ በሚያዘው ቦርሳ እንዳታደርጊው፣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፉሽም። ጀሪካኑን በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለሽ ከታች በሚጫነው ሻንጣ መሀል አድርጊው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም። ዳቦ ቆሎው በዘይት የተሠራ ይሁን። ጤና አዳም ከነቅጠሉ ወይም ቃሪያ እንዳትይዙ። እርጥብ ተክልና አትክልት የጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል።

የበርበሬውን ላስቲክ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፊበት። ከፍተው ሲያዩት ጥያቄ ይቀንሳል።

ልብሱ ቀላል ነው። ነሐሴ ላይ እዚህ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ቀን ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ይወብቃል። ጋቢውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አስቀምጡት፤ ስትመለሱ ያስፈልጋችኋል። ለእናትሽ ሁለት ስስ የጥጥ ቀሚስና ነጠላ ይበቃል። ነጠላ እዚህ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ከፀሐይ ይከልላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ትከሻ ይሸፍናል። ጥቁር ሰው ፀሐይ አያቃጥለውም የሚለውን አትመኑ፤ የኔ ትከሻ በመጀመሪያው ክረምት ተልጧል። የፀሐይ ክሬም ያዙ።

አንድ ልመና አለኝ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ፣ በደም ግፊት መድኃኒትና በዚህ ሙቀት ከባድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ መድኃኒት ግን ማደር የለበትም።

ለምግብ አትጨነቁ፣ የጾም አለ። ቢጊላ የሚሉት የተፈጨ ባቄላ አለ፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የታሸ። ሆብስ ቢዜይት የሚባለው ደግሞ ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦ ነው፤ ቱና ይጨምሩበታልና «ያለ ዓሣ» በሉ። ነሐሴ 16 ስትፈስኩ ግን ተጠንቀቁ። የአገሩ ዋና ወጥ የጥንቸል ነው። ሥጋ ስታዙ የምን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

ለእግር መንከሪያው መሊሐ ያለውን ጋዲራ የሚባለውን ዳርቻ እመክራለሁ። አሸዋ ነው፣ ውኃውም ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቅ አይደለም። ሌላው ዳርቻ አብዛኛው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ባለ እሾህ የባሕር ፍጥረት አለ፣ እግር ይወጋል። ሰዉ ለዚህ ብሎ የላስቲክ ጫማ በብዙ ዩሮ ይገዛል። እናንተ ኮንጎ ጫማ ያዙ! ከዚያ የተሻለ የለም። ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳ፣ ሲነካ የሚያቃጥል የባሕር ፍጥረት ቢነካችሁ በራሱ በባሕሩ ውኃ እጠቡት፣ አትሹት።

የቅኔ ቤት ልጅ

እኔ ማልታ አልሄድኩም። ነገር ግን እናትሽ የሚሄዱበትን አገር ስም ቢያውቁት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ማልታ ማለት መላጥያ ናት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እና 28ን አንብቢላቸው። ቅዱስ ጳውሎስን ወደ ሮም የሚወስደው መርከብ የተሰበረው እዚያ ነው። 276 ሰው ነበሩ፣ አንድም አልጠፋ። የደሴቲቱ ሰዎች ዝናብና ብርድ ስለነበረ እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። እፉኝት እጁ ላይ ተጣብቃ ምንም ያልሆነው እዚያ ነው። የፑፕልዮስን አባት ከንዳድ የፈወሰው፣ ሦስት ወር የተቀመጠውም እዚያው። ራባት በሚባለው ከተማ ጳውሎስ አርፎበታል የሚሉት ዋሻ አለ። ዋና ከተማዋ ቫሌታ ውስጥም በዚያ በመርከቡ መሰበር ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። የካቶሊክ ነው፣ ቢሆንም ገብተው ቢያዩት የሚከለክላቸው የለም።

ደግሞ ቋንቋቸው የኛ ዘመድ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች እንደ ግእዝና አማርኛ ሴማዊ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ኅብስትን ሆብስ፣ ልሳንን ኢልሲን፣ ዓይንን አይን ይላሉ። የግእዙን ኀምስቱ (አምስት) ሐምሳ፣ ሰብዐቱን (ሰባት) ሴባ ብለው ይቆጥራሉ። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ ቃላት ሳነጻጽር አደርኩ። እናትሽ ቅዳሴ የሰሙ ሰው ናቸው፤ ገበያ ላይ ጆሯቸው የሚይዘው ቃል አያጡም።

አገሪቱ ትንሽ ናት። ማልታ፣ ጎዞና ኮሚኖ የሚባሉት ደሴቶቿ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው። ጣናችን ወደ 3,000 ነው። እናትሽን አታሯሩጫቸው።

ከባሕር ዳር

ስለ ሻንጣው ተብሏል። እኔ ስለ ሰዓት ልናገር፣ ምክንያቱም እኔ በዚህ ነገር በረራ አምልጦኛል። ትኬቴ ላይ ዓርብ 02:30 ይላል። ያ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:30 ነው፣ ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት የነበረብኝ ሐሙስ ማታ ነበር። እኔ ዓርብን ውዬ ማታ ሄድኩ። ገንዘቡም ቀረ፣ ሠርጉም አመለጠኝ። የአንችንም ትኬት ሁለት ሰው ይየው። በዚህ ወቅት ማልታ ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ሶኬታቸው እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የኛ ቻርጀር አይገባም። መቀየሪያ ከዚሁ ግዢ። መኪናም በግራ ነው የሚነዱት። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፣ የእናታችንንም እጅ አትልቀቂ።

የማርቆሷ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቡና ላይ ሁሉንም አነበብኩላት።

ቅቤው አይገባም ስላት ዝም አለች። ሲኒዋን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ማሩስ?» አለች። አራት ኪሎ ስላት ትንሽ ቀለል አላት። ቅቤውን ወደ ጓዳ መለሰችው። «እሱ ሲመጣ ይበላዋል፣ አይበላሽም» አለች። ቋንጣውን ራሷ ከዝርዝሩ አስወጣችው።

መላጥያ የሚለው ላይ ግን አስቆመችኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ለአራት ዓመት ማልታ የሚባለው ስም ለሷ ምንም አልነበረም፤ ልጇን የወሰደ ሩቅ ቦታ ብቻ ነበር። «ልጄ ጳውሎስ ያረፈበት ነው ለካ ያለው» አለች። አሁን ራባትን ሳታይ አትመለስም። ስለዚህ አንድ ቀን ራባት፣ አንድ ቀን መሊሐ፣ ሌላውን ከወንድሜ ጋር ቤት ቁጭ ብለን ቡና እናፈላለን። ጀበናውን እኔ በእጄ እይዘዋለሁ።

ሐኪሙን ሰኞ፣ የንስሐ አባቷን እሑድ እናገኛለን። ትኬቱን ጎረቤታችን አይቶልናል፤ ሌሊት ስለሆነ ነሐሴ 11 ማታ ነው አውሮፕላን ማረፊያ የምንገባው። ይህን ባትነግሩኝ ኖሮ አልፎን ነበር።

የቢቸናው ወንድሜ፣ የኮንጎ ጫማውን ነገር ስነግራት በጣም ሳቀች። ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። የእሷ ቁጥር 37 ነው፣ የኔ 39።