ልጃችን ኦነርስ ገብታለች፣ ክፍያው ግን ከአቅማችን በላይ ነው፤ ምን ይሻላል?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችንን ከሜሪላንድ ውጭ ያለ አንድ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ለ2026 ፎል ከነኦነርስ ኮሌጁ (የጎበዝ ተማሪዎች ልዩ ፕሮግራም) ተቀብሏታል። ደብዳቤው የዓመቱን ወጪ 52,000 ዶላር ይላል። ከሥሩ የሜሪት (በውጤት የሚሰጥ) ስኮላርሺፕ 16,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500 ተጽፏል፤ የቀረው 28,000 «ፓረንት ፕላስ» (ወላጅ የሚወስደው የፌዴራል ብድር) ይላል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክም ተቀብሏታል፣ ኦነርስ ግን አልሰጧትም። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚሠራው፣ እኔ በሰዓት ተከፋይ ነኝ። እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን። ልፋቷ ሜዳ ላይ እንዲቀር አንፈልግም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምራ በኋላ ብትገባስ ስኮላርሺፑ ይጠብቃታል?

ሒሳብ በደብተር

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከዚህ ሁሉ ስጦታ የሚባለው 16,000ው ብቻ ነው። ብድር ይመለሳል። ወርክ ስተዲ ልጅቷ ሠርታ የምትቀበለው ደሞዝ ስለሆነ የሴሚስተሩን ቢል አይቀንስም፤ ሥራ ካላገኘች ደግሞ የለም። ስለዚህ የእናንተ ዋጋ በዓመት 36,000 ነው። ክፍያው ምንም ባይጨምር እንኳ በአራት ዓመት 144,000 ይሆናል።

ፓረንት ፕላሱ ላይ ግን ቆም በሉ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚገባ ተማሪ ወላጆች መበደር የሚችሉት በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ 28,000ው አይሞላም፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 8,000 ከኪሳችሁ ይፈለጋል። ሦስት ዓመት 20,000 ከወሰዳችሁ 60,000 ሆነ፣ ለአራተኛው ዓመት የሚተርፋችሁ 5,000 ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ዕዳው ተቆልሎ፣ ዲግሪው ሳይያዝ መቅረት። ብድሩ ሲለቀቅ ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል፣ ወለዱም ከዚያው ይጀምራል፣ ባለዕዳውም ወላጅ ነው።

የኦነርስ ቢሮውን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት። ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ? ለመታደስ ስንት ጂፒኤና ስንት ክሬዲት ይፈልጋል? ከኦነርስ ብትወጣ ገንዘቡም ይቀራል? የኦነርስ ዶርም ግዴታ ነው? የኦነርስ ልዩ ክፍያስ አለ? ብዙ ቦታ ኦነርስ ማለት ክላስ ቀድሞ መመዝገብ፣ ተማሪ ያልበዛበት ክፍልና የመመረቂያ ጥናት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ገንዘብ አይደለም።

የፋፍሳ ነገር

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው፣ ደብዳቤው ላይ ፔል ግራንት (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ የሚሰጥ፣ የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ለ2025-26 ትልቁ 7,395 ዶላር ነበር፤ ይድረሳችሁ አይድረሳችሁ ገቢያችሁና የቤተሰቡ ብዛት ይወስነዋል። ቀጥሎ 5,500ውን እዩት። በእናንተ ወጪና ገቢ ከሱ ውስጥ 3,500ው ሰብሲዳይዝድ ቢሆን ነበር የሚጠበቀው፤ እሱ ልጅቷ እየተማረች ወለድ አያስቆጥርም። በሙሉ አንሰብሲዳይዝድ (ወለዱ ከመጀመሪያው የሚቆጥር) ከሆነ ፋፍሳው፣ ማለትም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ ላይ የወላጅ መረጃ አልገባ ይሆናል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አሁን አየሁት፣ በሙሉ አንሰብሲዳይዝድ ይላል! ባለቤቴ የፋፍሳ አካውንት ሲከፍት መረጃው አልተመሳከረም ብሎት ነበር።

የፋፍሳ ነገር

እንግዲያው ችግሩ የስም ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ሰው ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ስሙ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መግባት አለበት። ካርዱ ላይ ላስት ኔም የአያት ስም ሆኖ ሳለ እሱ የአባቱን ካስገባ አያልፍም። የልደት ቀንም እንደዚያው ነው፤ እዚህ አገር ወረቀት ላይ የተመዘገበውን እንጂ ትክክለኛውን አትጻፉ። ሁለታችሁ ታክስ አብራችሁ ካልሞላችሁ ሁለታችሁም በየራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ ኮንሰንት (ፈቃድ) መስጠትና መፈረም አለባችሁ፤ አንዱ ከቀረ ፌዴራል ግራንት የለም። አስተካክላችሁ ስትልኩ ወዲያው ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ደውላችሁ አዲስ ደብዳቤ ጠይቁ፣ የሜይ 1 ቀነ ገደብ እንዲራዘምላችሁም ጠይቁ።

ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው። የኡበር ገቢው ከዚያ ወዲህ ከቀነሰ የልዩ ሁኔታ ጥያቄ አቅርቡ፤ የ2025 ታክሱን ከነስኬጁል ሲው (የግል ሥራ ገቢ ቅጽ)፣ ከአፑ የሚወርደውን የገቢ መግለጫ ጨምራችሁ። «ውድ ሆነብን» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይሠራም። አገር ቤት ለዘመድ የምትልኩትን ፋፍሳ አይቆጥረውም፤ ደረሰኙን አያይዙ፣ መቀበል አለመቀበሉ የቢሮው ነው። የሜሪት ገንዘብ ይጨመርልን የምትሉ ከሆነ ግን የሚጠየቀው አድሚሽን ወይም የስኮላርሺፕ ቢሮው ነው፤ የኮሌጅ ፓርክን ደብዳቤ አብራችሁ ላኩ።

ትራንስፈር

ለመጨረሻው ጥያቄ፦ አይጠብቃትም። ከሃይስኩል በኋላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባ ከተማረች በኋላ የምታመለክተው እንደ ትራንስፈር ተማሪ ነው፤ ለፍሬሽማን የተሰጠው ሜሪት ብዙውን ጊዜ ይቀራል። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ከመጀመሪያው አስባችሁበት ይሁን። የአካባቢያችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የራሱ የኦነርስ ፕሮግራም አለው። ክላስ ከመመዝገቧ በፊት ኮርሱ ኮሌጅ ፓርክ ላይ በምን እንደሚቆጠር አርትሲስ በሚባለው የሜሪላንድ የክሬዲት ማዛወሪያ ድረ ገጽ ላይ ትይ፤ ክሬዲቱ ተቀባይነት አግኝቶ ለሜጀሯ ካልቆጠረ አንድ ሴሚስተር ይጨምርባታል። ጎበዝ ከሆነች የጃክ ኬንት ኩክ የትራንስፈር ስኮላርሺፕ በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል፤ ውድድሩ ከባድ ስለሆነ በሱ ተማምናችሁ ሌላውን አትተዉ።

እኔን ብትጠይቂኝ ኮሌጅ ፓርክ በነዋሪ ዋጋ ትግባ። ኦነርስ አለመግባቷ ብዙ አያስጎድላትም፤ ብዙ ዲፓርትመንቶች ከሁለተኛ ዓመት በኋላ በጂፒኤ የሚገባበት የራሳቸው ኦነርስ አላቸው። አድቫይዘሯን በመጀመሪያው ሴሚስተር ትጠይቅ።

ሒሳብ በደብተር

ታክስ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። የትም ብትገባ፣ ለቱሽንና ለመጻሕፍት ከከፈላችሁት የመጀመሪያው 4,000 ዶላር እስከ 2,500 የሚመለስ አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ክሬዲት አለ፤ ከሱ እስከ 1,000ው የታክስ ዕዳ ባይኖርባችሁም በእጅ ይሰጣል። በብድር የተከፈለም ይቆጠራል። የቱሽን ክፍያን የሚያሳየው 1098-ቲ የሚባለው ፎርም በልጅቷ የትምህርት ቤት አካውንት ውስጥ ነው የሚገኘው፤ በጃንዋሪ መጨረሻ አውርዳ ለታክስ ሠሪያችሁ ትስጥ።