የወጣት ማዕከላችንን ወረዳውና እድሮቻችን በጋራ ሊያስተዳድሩት ይችላሉ?

ጥያቄ (የሰፈሩ ነዋሪ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በሰፈራችን ወረዳው ያሠራው አንድ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል አለ። ቤተ መጻሕፍት፣ የጆተኒና የጠረጴዛ ቴኒስ ክፍል፣ አነስተኛ አዳራሽና ሻወር ቤት አለው። ችግሩ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት፣ ሌሎቹም ከቀን ሥራ በሚመለሱበት በ11 ሰዓት ተኩል በሩ ይቆለፋል፤ እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። ባለፈው ሳምንት ማታ 1 ሰዓት ገደማ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ስምንት የሚሆኑ ልጆች ከማዕከሉ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተደርድረው በአንድ ስልክ ኳስ ሲመለከቱ አየሁ። ወንበሩም መብራቱም ያለው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫት ቤት ግን እስከ ሌሊት ክፍት ነው።

ወረዳውን ስንጠይቅ ለማታ ፈረቃ የሚመደብ ሠራተኛ እንደሌለው ይነግረናል። በሌላ በኩል በሰፈሩ ሦስት እድሮች አሉ፤ አንደኛው የራሱ አዳራሽ አለው፣ በሦስቱም ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራንና ነርሶች አሉ። እነዚህን ሁለት ወገኖች አገናኝቶ ማዕከሉን ማታና እሑድ ማስከፈት ይቻላል? ሥራውስ ከየት ይጀመራል? የሞከረ ሰው ልምዱን ቢያካፍለን ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ 1 (በወረዳ የወጣቶች ዘርፍ ባለሙያ የነበረ)

ይቻላል። የ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ ሲይዝ፣ ሥራውን ለመንግሥት ብቻ አልተወውም፤ ኅብረተሰቡም ወጣቶቹም ራሳቸው እንዲሳተፉበት ይፈልጋል። እድሮችም ቢሆኑ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማይመለከታቸው ባህላዊ ተቋማት በመሆናቸው፣ በዚያ አዋጅ መሠረት አልተመዘገባችሁም ተብሎ በር ሊዘጋባቸው አይገባም።

በር የሚያዘጋው እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። በማዕከሉ ያለው ጆተኒ፣ ቴሌቪዥንና ወንበር ሁሉ በሞዴል 22 (የመንግሥት ዕቃ ከግምጃ ቤት ወጪ በሚሆንበት ቅጽ) ወጪ ሆኖ በአንድ ሠራተኛ ስም ተመዝግቧል። አንድ ነገር ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከደመወዙም ሊቆረጥ ይችላል። እሱ በሌለበት ሰዓት በሩ እንዲከፈት መጠየቅ ማለት፣ ከዚያች ደመወዙ ላይ ለማያውቃቸው ልጆች ዋስ እንዲሆን መጠየቅ ነው። እኔም በዚያ ቦታ በነበርኩበት ጊዜ ቁልፉን ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ ልጆቹን ጠልቼ ሳይሆን ፈርቼ ነው።

ስለዚህ ወደ ወረዳው ስትሄዱ «ክፈቱልን» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ንብረቱ በጋራ ተቆጥሮ፣ የማታውና የእሑዱ ኃላፊነት በጽሑፍ ርክክብ ወደ አንድ የጋራ ኮሚቴ የሚዛወርበትን የመግባቢያ ሰነድ ረቂቅ ይዛችሁ ሂዱ። በሰነዱ ውስጥ መብራትና ውኃ ማን እንደሚከፍል፣ የተሰበረ ማን እንደሚያሠራ፣ ጠብ ቢነሳ ማን እንደሚጠራ በግልጽ ይስፈር። ለማታ ጥበቃ ገንዘብ የምትፈልጉ ከሆነም በጊዜ ተንቀሳቀሱ፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ ሰኔ ላይ ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ደግሞ አስቀድሞ ተደልድሎ ያለቀ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ፤ አንድ የጥበቃ መደብ ማግኘት ግን አይከብድም።

መልስ 2 (የእድር ሰብሳቢ)

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ የእኛን ወገን ጭንቀት ደግሞ ልጨምር። የእድር ገንዘብ የቀብርና የሀዘን ገንዘብ ነው። አንዲት እናት ከጉሊት ሽያጯ ቀንሳ በየወሩ የምታዋጣው የሞት ቀን እንዳያሳፍራት ነው። ኮሚቴው ተነስቶ ይህን ገንዘብ ለቴኒስ ኳስ ቢያውለው እድሩ ይፈርሳል፤ መፍረሱም ተገቢ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ በጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንቀጽ ተጨምሮ፣ ለወጣቱ የሚዋጣው ከቀብሩ ተለይቶ በሌላ መዝገብ መያዝ አለበት። አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን ማሳደግ ጀምረው ነበር። ከቀብር በፊት ላለው ሕይወት ያን ጊዜ ከደረስን ዛሬ የማንደርስበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ጭንቀታችን መዋጥ ነው። እድሜዬ የገፋ ስለሆነ የደርግን ዘመን አስታውሳለሁ፤ በ1967 ቀበሌ ከተቋቋመ በኋላ በየሰፈሩ የኪነት ቡድን ነበር፣ ልጆቻችን ሙዚቃም ቲያትርም የተማሩት እዚያ ነው፤ ይህን መልካምነቱን አልክድም። ነገር ግን አዳራሹም መድረኩም ለስብሰባና ለመፈክር ሲፈለግ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። ዛሬም አባሎቻችን «ወረዳው ነገ እድሩን ለስብሰባ ይጠራናል» ብለው ይሰጋሉ። በሰነዱ ውስጥ ማዕከሉ ለማንኛውም ፓርቲ ሥራ እንደማይውል ቢጻፍ ግማሹ ፍርሃት ይወገዳል።

ለእኛ የሚቀለው ገንዘብ ሳይሆን ሰው መስጠት ነው። በእኛ እድር የነበሩ ሁለት ጡረተኛ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና እንግሊዝኛ በነፃ ያስጠኑ ነበር፤ የሚፈልጉት ጠመኔና ክፍል ብቻ ነበር።

መልስ 3 (የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አባታችን ስላካፈሉን ልምድ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ያለፋችሁት ይመስለኛል። ሦስታችሁም «ወጣት» ስትሉ ወንድ ልጅ ነው የምታዩት። በሰፈሬ ማዕከል ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት በ10ኛ ክፍል ሳለሁ ለማጥናት ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ከጆተኒው ክፍል ኋላ ስለሆነ በወንዶቹ መካከል ማለፍ ግድ ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከተለከፍኩ በኋላ ተውኩት። ማታ እስከ 2 ሰዓት ቢከፈት ለእኔ ምንም አይለውጥም ነበር፤ ከመሸ እናቴ አትለቀኝም። የማታው ሰዓት ለወንዶቹ ጥሩ ነው፤ ለሴቶቹ ግን ቅዳሜ ጠዋት ወይም እሑድ ከሰዓት የተለየ ሰዓት ይመደብ፤ በዚያ ሰዓት ከእድሮቹ እናቶች አንዷ በር ላይ ትቀመጥ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቃትና የሚያከብራት ሴት ካለች ቤተሰብ ይለቃል።

ኮሚቴውም የአዛውንቶችና የወረዳ ሠራተኞች ብቻ እንዳይሆን አደራ። ቢያንስ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ወጣቶች ድምፅ ኖሯቸው ይግቡበት፤ ወንበር ለማዘጋጀት ብቻ መጠራት ሰልችቶናል።

የጠያቂው ምላሽ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሞዴል 22ን ነገር ከቶ አላሰብኩትም ነበር፤ የማዕከሉን ሠራተኛ በክፉ ሳየው ስለኖርኩ አዝኛለሁ። ከሦስቱ እድሮች ሰብሳቢዎች ጋር የፊታችን እሑድ ለመነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሠራተኛውንም እንዲገኝ ለምኜዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ርክክቡ እስኪፈጸም ድረስ ቁልፉ ማን ዘንድ ይሁን?

መልስ 1 (በድጋሚ)

እሱ ዘንድ ይቆይ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት እሱ ራሱ በሳምንት ሁለት ማታ እንዲከፍት፣ ወረዳውም ያንን ሰዓት በሌላ ቀን ዕረፍት እንዲያካክስለት ጠይቁ። ቆጠራውን ከእሱ ጋር ሆናችሁ ዕቃ በዕቃ አድርጉት፤ ቀድሞ የተሰበረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝለት።