የእንግዳ አካውንት ፈጠርኩ፣ መግቢያው ላይ ግን አይታይም (ከጀርመን የመጣ ላፕቶፕ)

ሐዋሳ_09፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ከጀርመን የመጣ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ሆም፣ የማሳያ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሬዋለሁ። ቤት እንግዳ ሲመጣ የእኔን ፋይል ሳይነካ ኢንተርኔት እንዲጠቀምበት ፈልጌ ነው። መጀመሪያ ጌስት የሚለውን አካውንት በኔት ዩዘር ትእዛዝ አክቲቭ ላደርገው ሞከርኩ፤ አልሆነም። ቀጥሎ ፓወርሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በኒው-ሎካልዩዘር ትእዛዝ ቪዚተር የሚባል አካውንት ፈጠርኩ፤ ይሄኛው ተሳካ። በኔት ሎካልግሩፕ ወደ ጌስትስ (የእንግዶች ግሩፕ) ልጨምረው ስል ግን "ሲስተም ኤረር 1376" ይለኛል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው መግቢያው ላይ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው። አካውንቱ የት ገባ?

ቶሎ_መፍትሄ፦
ፎርማት አድርገህ በእንግሊዝኛ ጫነው፣ ትገላገላለህ።

ፎርማት_አታድርጉ፦
ለዚህ ፎርማት አያስፈልግም። ሁለት የተለያየ ነገር ነው የገጠመህ።

ጌስትን ተወው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ጀምሮ በጌስት መግባት ቀርቷል። ስሙ ሲስተሙ ውስጥ አለ፣ አክቲቭ ብታደርገውም መግቢያው ላይ አይመጣልህም። በእንግሊዝኛ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ስሙ የተያዘ ስለሆነም በዚያው ስም አዲስ መፍጠር አይቻልም። ቪዚተር ማለትህ ትክክል ነው።

1376 ማለት "እንዲህ የሚባል ግሩፕ የለም" ማለት ነው፤ እውነቱን ነው። የማሳያ ቋንቋ መቀየር የግሩፖቹን ስም አይቀይርም፤ ዊንዶውሱ መጀመሪያ በተጫነበት ቋንቋ እንዳሉ ይቀራሉ። ባንተ ላፕቶፕ ላይ ጌስትስ "ጌስተ" ነው የሚባለው፣ ዩዘርስ ደግሞ "ቤኑትሰር"። ኔት ሎካልግሩፕ ብለህ ምንም ሳትጨምር ኢንተር ብትል ዝርዝሩን ታየዋለህ።

መግቢያው ላይ ያልታየው ደግሞ ግሩፕ ስለሌለው ነው። በኔት ዩዘር የተፈጠረ አካውንት ራሱ ዩዘርስ ውስጥ ይገባል፤ በኒው-ሎካልዩዘር የተፈጠረው ግን የትም አይገባም። ግሩፕ አልባ አካውንት መግቢያው ላይ አይወጣም።

የጀርመኑ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ ያለው "ኤ" ስላለ በእኛ ኪቦርድ መጻፉ ያስቸግራል። በስሙ ፈንታ በቁጥሩ ጥራው፤ ቁጥሩ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ፓወርሼልን በአድሚኒስትሬተር ክፈትና ይህን ጻፍ (ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እኔ እንደሚነበበው ነው ያስቀመጥኩት)፦

አድ-ሎካልግሩፕሜምበር -ኤስአይዲ ኤስ-1-5-32-546 -ሜምበር ቪዚተር

መጨረሻው 546 ጌስትስ ነው፣ 545 ዩዘርስ። ትእዛዙ ከሰራ ምንም ሳይናገር ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። "አክሰስ ዲናይድ" ካለህ በአድሚኒስትሬተር አልከፈትከውም ማለት ነው።

ሰነድ_ጠባቂ፦
546ን ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር እወቅ ወንድሜ። የጌስትስ አባል ሳይን አውት ሲል ፕሮፋይሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ዶክመንትስ፣ የብሮውዘር ታሪክም ጭምር። ለአንድ ቀን እንግዳ ይሄ ጥሩ ነው፣ የራሱን ኢሜይል ከፍቶ ቢረሳ እንኳ አይቀርበትም። ክረምቱን ሊከርም ለመጣ የአክስት ልጅ ግን አይሆንም፤ የጻፈው ወረቀት ማታ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። ለእንደሱ አይነቱ 545 አድርገው። ተራ ተጠቃሚ ያንተን ፎልደር መክፈት አይችልም፣ ያንተን ፓስወርድ ሳያገኝም ሲስተሙን የሚነካ ፕሮግራም አይጭንም።

ደግሞ የአካውንቱን ስም በአማርኛ "እንግዳ" ብላችሁ አትፍጠሩ። ዊንዶውስ ይቀበላል፣ ነገር ግን የፕሮፋይሉ ፎልደርም በዚያው ስም ስለሚፈጠር አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች መንገዱን ማንበብ ያቅታቸዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ፍጠሩትና በኋላ ከኮንትሮል ፓነል የሚታየውን ስም ብቻ ወደ አማርኛ ቀይሩት፤ ፎልደሩ እንደነበረ ይቆያል።

ሐዋሳ_09፦
546 ሰራ፣ ቪዚተር መጣ። አሁን ደግሞ ፓስወርዱን አልቀበልም ይላል። በትክክል ነው የምጽፈው፣ ውስጡ "ዋይ" እና "አት" ምልክት አለ።

ፎርማት_አታድርጉ፦
እንግዲያው መግቢያው ላይ ያለው ኪቦርድ የጀርመን ነው። በጀርመን ኪቦርድ "ዋይ" እና "ዜድ" ቦታ ይለዋወጣሉ፤ "አት" የሚገኘው ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውን አልት ይዘህ "ኪው"ን ስትነካ ነው። ሺፍትና 2 ብትነካ ትእምርተ ጥቅስ ነው የሚጽፍልህ። ፓስወርዱ ሳጥን ጎን ያለችውን ዓይን ተጫን፣ ራስህ ታየዋለህ። ለአሁኑ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘህ ስፔስ በመንካት ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው። በግምት ደጋግመህ አትሞክር፤ 22ኤች2 ከሚባለው ቨርዥን ወዲህ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 11 ላይ 10 ጊዜ ከተሳሳትክ 10 ደቂቃ ይቆልፍሃል።

ለዘለቄታው፦ ከራስህ አካውንት ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ላንጉጅ ኤንድ ሪጅን፣ ከታች አድሚኒስትሬቲቭ ላንጉጅ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኮፒ ሴቲንግስ። ከታች ያሉት ሁለቱም ሳጥኖች (ዌልካም ስክሪንና ኒው ዩዘር አካውንትስ) ላይ ምልክት አድርግና ሪስታርት።

ሰነድ_ጠባቂ፦
የፓስወርድ ነገር ከተነሳ፣ በትእዛዝ የተፈጠረ አካውንት ፓስወርዱ በ42 ቀን ያረጅና ቀይር ይላል፤ እንግዳው ቀይሮት ይሄድና ቀጣዩ እንግዳ ደጅ ይቀራል። ሴት-ሎካልዩዘር በሚለው ትእዛዝ ፓስወርድኔቨርኤክስፓየርስን ትሩ አድርገው። ለቤት ግን እኔ ፓስወርድ አልባ ባደርገው እመርጣለሁ። ፓስወርድ የሌለው አካውንት በኔትዎርክ በኩል መግባት በነባሪው የተከለከለ ነው፣ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚገባበት።

ሚሚ_ኮምፒውተር፦
ይቅርታ በመሐል ልግባና፣ እኔ የፈጠርኩት አዲስ አካውንት ደግሞ ይታያል፣ ፓስወርዱንም ይቀበላል፣ ከዚያ "ዩዘር ፕሮፋይል ሰርቪስ ፌይልድ ዘ ሳይን-ኢን" ብሎ ይመልሰኛል። የራሴ አካውንት ግን ይሰራል።

ፎርማት_አታድርጉ፦
እህቴ፣ የራስሽ ከሰራ የተበላሸው አዲስ አካውንቶች የሚቀዱበት ነው። ማንኛውም አካውንት መጀመሪያ ሲገባ ፕሮፋይሉ የሚቀዳው ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘርስ ውስጥ ካለው ዲፎልት ከሚባል ድብቅ ፎልደር ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ እሱን ያጠፋዋል። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በይውና ተመልከቺ፤ ፎልደሩ ከሌለ ወይም ውስጡ ኤንቲዩዘር ነጥብ ዳት የሚል ፋይል ከጎደለ፣ ተመሳሳይ የዊንዶውስ ቨርዥን ካለው ሌላ ኮምፒውተር ዲፎልትን በሙሉ በፍላሽ ቀድተሽ ቦታው ላይ መልሺ። ከዚያ በፊት ግን ሲ ድራይቭ ላይ ስንት ጊጋ እንደቀረ እዪ። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሆነ አዲስ ፕሮፋይል የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ሚሚ_ኮምፒውተር፦
ዲፎልት የለም። ነገ ከቢሮ ኮምፒውተር እቀዳለሁ፤ እሱ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ይሆናል?

ፎርማት_አታድርጉ፦
ያንቺ 11 ከሆነ አይሆንም። ከ11 ቅጂ።