ልጄ ግራኝ ናት፤ «በቀኝ አንጎሏ ነው የምታስበው» ተባልኩ

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ5 ዓመት ልጄ ማንኪያም እርሳስም የምትይዘው በግራ እጇ ነው። አንድ የማውቃት ሰው «ግራኝ በቀኝ አንጎሉ ስለሚያስብ ሥዕል ይችላል፤ ቋንቋና ሒሳብ ላይ ግን ይደክማል። ሳይረፍድ ወደ ቀኝ አስለምጃት» አለችኝ። እውነት ነው? ደግሞ ስትጽፍ የጻፈችውን በእጇ ታብሰዋለች። እጅጌዋ ሁሉ እርሳስ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
እህቴ፣ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ወሬ ነው። እጅን የሚያዙት ነርቮች አብዛኞቹ ከአንጎል ወርደው ሕብለ ሰረሰር ከመግባታቸው በፊት ይሻገራሉ። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ስለዚህ ግራ እጇን በዋናነት የሚያዘው ቀኙ የአንጎል ጎን ነው። የእኔንም ግራ እጅ የሚያዘው እሱው ነው፤ እኔ ግን ግራኝ አይደለሁም።

ማሰብ ሌላ ጉዳይ ነው። ቋንቋን ውሰጂ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከማለት በቀር ብዙም መናገር ያልቻለ ታካሚ ሲሞትበት አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱን ያገኘው በግራው ጎን የፊት ክፍል ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ «የቀኝ እጅ ሰው ቋንቋው በግራ ጎን ከሆነ፣ እንግዲያው የግራኝ ቋንቋ በቀኝ ነዋ!» ተባለ። አልሆነም። በቀኝ ከሚጽፉ 100 ሰዎች 95 ያህሉ፣ ከ100 ግራኞችም 70 ያህሉ ቋንቋቸው በዋናነት ግራው ጎን ላይ ነው። የቀሩት በቀኙ ወይም በሁለቱም ይጠቀማሉ፤ እነሱም እንደማንኛችንም ያወራሉ። ሒሳብም ሥዕልም ሁለቱን ጎን ይፈልጋል።

በግድ የተቀየረው፦
እኔን በልጅነቴ ወደ ቀኝ አስለመዱኝ። አሁን እስክሪብቶ በቀኝ፣ ቢላ፣ ኳስና ጥርስ ብሩሽ በግራ። ጽሑፌን እኔ ራሴ አላነበውም። በናትሽ ተያት።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። እንዳንተ የተቀየሩ ሰዎች በቀኝ እጃቸው ሲጽፉ አንጎላቸው ታይቷል። ቀኙ ጎን አሁንም ሥራውን አልለቀቀም።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
እጅጌውን ለእኔ ተይው። ወረቀቱን ከመሃል ወደ ግራዋ ፈቀቅ አድርጊና ራስጌው ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አዙሪው። እጇ ከመስመሩ በታች ይሁን፤ ከላይ ተጠምዝዞ አይምጣ። እርሳሱን ከጫፉ 3 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርጋ ትያዝ። ከሌላ ልጅ ጋር ስትቀመጥ በግራ ጫፍ ትሁን፤ አለበለዚያ በክርን ሲጋፉ ይውላሉ። የግራኝ መቀስም ግዢላት። በተራው መቀስ ስትቆርጥ ስለቱ መስመሩን ይጋርድባታል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ተባረኩ! ለነገሩ ታናሽ ወንድሟም ግራኝ ሳይሆን አልቀረም። ገና 9 ወሩ ነው፤ ሁሉን ነገር በግራ ብቻ ነው የሚይዘው።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ይሄኛው ይለያል። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እጁ ነው የሚይዘው። አንዱን ብቻ ከመረጠ፣ ሌላው ደክሞ ሊሆን ይችላል። አሻንጉሊት በቀኙ በኩል አቅርቢለትና እይ። እጁን ይዘረጋል? ይከፍተዋል? ምንም ሆነ ምን ግን የሕፃናት ሐኪም ይየው። አትደንግጪ፤ ግን አታዘግዪ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አሁን ሞከርኩት። በግራው ዞሮ ነው የወሰደው። ቀኙ ጭብጥ እንዳለ ነው። ጠዋት እወስደዋለሁ።